የመሬት መንቀጥቀጥና የከርሰ ምድር ካርታ፦ መቱና የኢሉባቦር ከተሞች ከመገንባታቸው በፊት ምን ማወቅ አለባቸው?

እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ምድር ለወራት ስትንቀጠቀጥ ሰንብታለች። በፌብሯሪ 14 ቀን 2025 የተመዘገበው መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.0 ደርሶ ነበር። በአፋርና በኦሮሚያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቀያቸውን ለቀው ወጥተዋል። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው አዲስ አበባም በፎቅ ቤት የሚኖሩ ሰዎች በሌሊት ልጆቻቸውን ይዘው ደጅ ወጥተዋል።

በምዕራቡ የሀገራችን ክፍል፣ በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌና በያዮ ግን ጉዳዩ የሩቅ ዜና ሆኖ ነው ያለፈው። "እኛ ከስምጥ ሸለቆው ሩቅ ነን" የሚለው አባባል የተለመደ ነው። አባባሉ በከፊል እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ያዘናጋል። በዚህ ጽሑፍ አንድ ከተማ ለመንቀጥቀጥ ያለው ተጋላጭነት እንዴት እንደሚታወቅ፣ ከከተማው ሥር ያለው አፈርና አለት ለምን ካርታ እንደሚያስፈልገው፣ እንዲሁም መስጂድና መድረሳ የሚያስገነቡ ወገኖቻችን ከወዲሁ ሊጠይቁት የሚገባውን በቅደም ተከተል እናያለን፤ ኢንሻአላህ።

ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ስናስብ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ "ምንጩ ምን ያህል ይርቃል?" የሚለውን። ባለሙያዎች ግን ሁለተኛ ጥያቄ ይጨምራሉ፤ "ሞገዱ ሲደርስ የሚቀበለው መሬት ምን ዓይነት ነው?" ይላሉ። የመጀመሪያው መልስ የሚገኘው ከስምጥ ሸለቆው ታሪክ ነው። የሁለተኛው መልስ ደግሞ ያለው ከእግራችን በታች ባሉት ጥቂት አስር ሜትሮች ውስጥ ነው።

"መጠን" እና "ጥንካሬ" የሚባሉትንም መለየት ይገባል። መጠን ከምንጩ የወጣው ጉልበት ነው፤ ለአንድ መንቀጥቀጥ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጠዋል። ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር ጉልበቱ ወደ 32 እጥፍ ያድጋል። ጥንካሬ ግን በእያንዳንዱ ሰፈር የተሰማው ንዝረት ነው። ስለዚህ በአንድ ከተማ ውስጥ በሁለት ሰፈሮች መካከል ሊለያይ ይችላል። ልዩነቱን ከሚያመጡት ነገሮች ዋነኛው አፈሩ ነው።

ምንጩ የት ነው?

የኢትዮጵያ ዋናው የመንቀጥቀጥ ምንጭ ስምጥ ሸለቆው ነው። የኑቢያና የሶማሊያ የምድር ቅርፊቶች በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ የተጠራቀመው ውጥረት ሲለቀቅ ምድር ትንቀጠቀጣለች። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1906 በስምጥ ሸለቆው የተነሳ ትልቅ መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ ጠንክሮ ተሰምቷል። በ1961 በካራ ቆሬ አካባቢ ለወራት የቆየ መንቀጥቀጥ ማጀቴን ክፉኛ ጎድቷል፤ በካራ ቆሬም ብዙ ቤቶችን አፍርሷል። በማርች 1969 በአፋር የሰርዶ ከተማ ፈርሳ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የእነዚህን ክስተቶች ታሪክ አሰባስበው መጽሐፍ ያዘጋጁት በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ያቋቋሙት ካናዳዊው ፒየር ጉዌን ናቸው፤ መጽሐፉ በ1979 ታትሟል።

መቱ ከዚህ መስመር ትርቃለች። በአየር መስመር ሲለካ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ያለችው ሆሳዕና ከመቱ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ናት። ይህ የአላህ ችሮታ ነው። ነገር ግን ሁለት ክስተቶችን ማስታወስ ይገባል።

የመጀመሪያው በዲሴምበር 2010 በሆሳዕና አካባቢ የተነሳው መጠኑ ከ5 በጥቂቱ ያለፈ መንቀጥቀጥ ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ጅማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጉዳት እንደደረሰባቸው ተዘግቧል። ጅማ ደግሞ ለመቱና ለበደሌ ሰው ሩቅ ሀገር አይደለችም፤ ልጆቻችን የሚማሩባት፣ ታማሚዎቻችን የሚታከሙባት ከተማ ናት።

ሁለተኛው በሜይ 1990 በደቡብ ሱዳን፣ በጁባ አቅራቢያ የተነሳው ከ7 በላይ መጠን ያለው መንቀጥቀጥ ነው። በአፍሪካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከተመዘገቡት ትላልቆቹ አንዱ ነው። ይህ ምንጭ ያለው ከኢሉባቦር በስተደቡብ ምዕራብ ነው። ስለዚህ ምዕራቡ ጀርባውን ለስምጥ ሸለቆው ስለሰጠ ብቻ ከሁሉም አቅጣጫ የተጠበቀ ነው ማለት አይቻልም።

አፈሩ ለምን ወሳኝ ሆነ?

ጠረጴዛን በመዶሻ ብንመታ ድምፁ አጭርና ደረቅ ነው። ሳህን ላይ ያለ የገንፎ እራፊ ግን ሳህኑ ሲነካ ረዘም ላለ ጊዜ ይርገበገባል። አለትና ለስላሳ አፈርም እንዲሁ ናቸው። ሞገዱ ከጠንካራ አለት ወደ ለስላሳ አፈር ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ግን መውጫ ስለሚያጣ ውዝዋዜው ይሰፋል።

በዓለም ላይ ለዚህ ዋናው ማስረጃ ሜክሲኮ ሲቲ ናት። በሴፕቴምበር 1985 የመንቀጥቀጡ ምንጭ ከከተማዋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በውቅያኖሱ ዳርቻ ነበር። ሆኖም ከተማዋ የቆመችው በጥንት ሐይቅ ጭቃ ላይ ስለሆነ ንዝረቱ እየጎላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። እዚያው ከተማ ውስጥ በአለት ላይ የተሠሩ ሰፈሮች ያን ያህል አልተጎዱም። በርቀቱ ረገድ ሁለቱም ሰፈሮች እኩል ነበሩ፤ የለያቸው መሬቱ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። እያንዳንዱ ሕንፃ ወዲያና ወዲህ ለመወዛወዝ የራሱ ጊዜ አለው። በግርድፉ ሲሰላ አንድ ወለል ወደ 0.1 ሰከንድ ይጨምራል። ስለዚህ ባለ አራት ወለል ወይም ጂ+3 ሕንፃ አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ 0.4 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። አፈርም የራሱ ጊዜ አለው። ውፍረቱን በአራት አባዝተን ሞገድ በውስጡ ለሚጓዝበት ፍጥነት ስናካፍል ይገኛል። 20 ሜትር ውፍረት ያለው፣ ሞገድ በሰከንድ 200 ሜትር የሚጓዝበት አፈር ቢኖር 80 ለ200 ሲካፈል 0.4 ሰከንድ ይሆናል። አፈሩና ጂ+3 ሕንፃው በአንድ ምት ተገናኙ ማለት ነው። ዥዋዥዌን በትክክለኛው ጊዜ እንደመግፋት ነው፤ ትንሽ ግፊት ትልቅ ውዝዋዜ ይፈጥራል። ከጎኑ ያለ ባለ አንድ ወለል ቤት ግን በዚያው አፈር ላይ ሆኖ ብዙም ላይነካ ይችላል።

ከዑለሞች መዝገብ የምናገኘው

ሙስሊሞች ለመሬት መንቀጥቀጥ የሰጡት ትኩረት የቆየ ነው። በቁርኣን ውስጥ ሱረቱ አዝ-ዘልዘላህ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። አማኝ መንቀጥቀጥን ሲያይ የአላህን ኃያልነትና የመጨረሻውን ቀን ያስታውሳል፤ ወደ ተውባና ወደ ዱዓም ይመለሳል። ይህ ግን ክስተቱን ከመመዝገብና ከማጥናት አላገዳቸውም። ኢማም ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ (849–911 ሒጅራ) ከሸፉ አስ-ሰልሰላ ዐን ወስፊ አዝ-ዘልዘላ የተሰኘውን ድርሳን ጽፈው፣ ከእርሳቸው በፊት የደረሱትን መንቀጥቀጦች በየዓመቱ ዘርዝረዋል። ዛሬ የታሪካዊ መንቀጥቀጥ ተመራማሪዎች ከሚጠቀሙባቸው ምንጮች አንዱ ይህ ሥራ ነው።

በእነዚህ መዝገቦች ጎልቶ ከሚታየው አንዱ በ702 ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በኦገስት 1303) ግብፅን የመታው መንቀጥቀጥ ነው። ምንጩ በምስራቃዊው ሜዲትራኒያን ባሕር፣ ከካይሮ በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነበር። ሆኖም በካይሮ የአል-ሐኪም መስጂድን ሚናሮች ጨምሮ በርካታ ሚናሮች ተጎድተዋል። ከሩቅ የሚመጣ ሞገድ ዘገምተኛ ስለሆነ ረጃጅምና ቀጫጭን ግንቦችን ይበልጥ ያወዛውዛል። ሚናራ ለምትሠራ ከተማ ይህ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከ700 ዓመት ገደማ በኋላም በኦክቶበር 12 ቀን 1992 መጠኑ 5.8 የሆነ መንቀጥቀጥ ካይሮን መታ። መጠኑ መካከለኛ ቢሆንም ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በታሪካዊቷ ካይሮ ብዙ መስጂዶችና መድረሳዎች ተሰነጠቁ። የናይል ደለል፣ ያረጁ ግንቦችና ያልተጠኑ ግንባታዎች ተደምረው ነው ጉዳቱን ያከበዱት።

ኢሉባቦር በምን ላይ ቆማለች?

ጎሬ የቀድሞዋ የኢሉባቦር መዲና ናት። ቡና በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ በጀልባ ወደ ሱዳን በሚጓጓዝበት ዘመን ትልቅ የንግድ ማዕከል ነበረች፤ በደቡብ ምዕራቡ ንግድም ሙስሊም ነጋዴዎች ሰፊ ድርሻ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1936 አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ስትወድቅ የራስ እምሩ ጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫ የሆነችውም ጎሬ ነች። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው መቱ የመዲናነቱን ቦታ የተረከበችው በኋላ ነው።

ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስትሆን መቱ ዝቅ ብላ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ከቡሬ ወዲያ መሬቱ ቁልቁል ወርዶ የጋምቤላ ቆላ ይሆናል። ከሥር ያለው እጅግ ጥንታዊ የሆነው መሠረታዊ አለት ነው። በላዩ ላይ በጥንት ዘመን የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ አለት፣ ማለትም ባዛልት፣ ተነጥፏል። በያዮ የሚገኘው የድንጋይ ከሰል በእነዚህ የባዛልት ንጣፎች መካከል በተቀመጠ ደለል ውስጥ ያለ ነው። ይህም ከመሬት በታች ያለው ነገር ወጥ አለት እንዳልሆነ፣ ጠንካራና ለስላሳ ንጣፎች እየተፈራረቁ ሊገኙ እንደሚችሉ ያሳያል።

ከሁሉም በላይ ያለውን ግን የአካባቢው ሰው ያውቀዋል፤ ቀዩ አፈር ነው። ብዙ ዝናብና ሙቀት ባዛልቱን ለረጅም ዘመን አበስብሶ ወደ ጥልቅ ቀይ አፈር ቀይሮታል። ይህ አፈር ለቡናው በረከት ነው። ውፍረቱ ግን ከኮረብታ ኮረብታ ይለያያል፤ በአንዱ ቦታ አለቱ ቅርብ ሲሆን በሌላው ብዙ ሜትር ተቆፍሮም ላይገኝ ይችላል። በሸለቆዎቹ ወለል ደግሞ ጨፌው አለ። ውሃ ያቆረው፣ ሣሩ ለቤት ክዳን የሚታጨደው ረግረግ መሬት ማለታችን ነው። ከተማ ሲሰፋ የሚሄደው ወደ እነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው፤ ወደ ተዳፋቱና ወደ ጨፌው ዳር። ጨፌው በገረጋንቲ ተሞልቶ ቤት ሲሠራበት ከላይ ደረቅ መሬት ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ያው ለስላሳ ጭቃ ነው። ተዳፋቱ ደግሞ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። በጁላይ 2024 በጎፋ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን የቀጠፈው የመሬት ናዳ መንቀጥቀጥ እንኳን ሳይኖር ዝናብ ብቻውን ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሳይቶናል።

ካርታው እንዴት ይሠራል?

የከርሰ ምድር ካርታ ማለት ከተማው በየሰፈሩ ተከፋፍሎ ከእያንዳንዱ ሥር ምን ዓይነት አፈር፣ በምን ያህል ውፍረት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ነው። ባለሙያዎች የሚከተሉት መንገድ ባጭሩ ይህ ነው።

1. ነባሩን የጂኦሎጂ ካርታ ማንበብ። የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት የሚያዘጋጃቸው ካርታዎች የአለቱን ዓይነት በሰፊው ያሳያሉ። መነሻ ናቸው እንጂ የሰፈርን አፈር ለይተው አይናገሩም።

2. መቆፈርና መምታት። በማሽን ጉድጓድ እየተቆፈረ 63.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ ናሙና መውሰጃው ወደ አፈሩ ይሰምጣል። 30 ሴንቲ ሜትር ለመስመጥ ስንት ምት እንደፈጀ ይቆጠራል። ምቱ ሲያንስ አፈሩ ለስላሳ ነው።

3. ሞገድን ማዳመጥ። በመስመር የተተከሉ መቀበያዎች በመዶሻ ምት የተነሳውን ሞገድ ይቀበላሉ፤ ከዚያ ሞገዱ በአፈሩ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ይሰላል። በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ ከሆነ አለት ነው፤ ከ180 በታች ከሆነ በጣም ለስላሳ አፈር ነው።

4. የመሬቱን የራሱን ንዝረት መለካት። ምድር በነፋስ፣ በመኪናና በሰው እንቅስቃሴ ሁልጊዜ በጥቂቱ ትንቀጠቀጣለች። አንዲት መሣሪያ ለደቂቃዎች ተቀምጣ ይህን ስትመዘግብ ከላይ ያነሳነው የአፈሩ "ጊዜ" ይገኛል። ቁፋሮ ስለማይጠይቅ ለታሪካዊ ሰፈሮች ይመረጣል።

5. ኤሌክትሪክ መላክ። ለውሃ ፍለጋ የሚጠቅመው ይኸው ዘዴ እርጥቡን አፈር ከደረቁ አለት ይለያል።

በሀገራችን ለዚህ ሥራ ቀዳሚ ምሳሌ አዲስ አበባ ናት። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ራዲየስ በተባለው ፕሮጀክት ከመረጣቸው ዘጠኝ የዓለም ከተሞች መካከል፣ ከኢዝሚርና ከታሽከንት ጋር፣ አዲስ አበባ አንዷ ነበረች። በፕሮጀክቱም ትልቅ መንቀጥቀጥ ቢመጣ በከተማዋ ሊደርስ የሚችለው ጉዳት ተጠንቷል።

የሀገር ካርታ የከተማን ካርታ አይተካም

"ኢሉባቦር በካርታው ላይ ዝቅተኛ አደጋ ያለበት ነው" የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ከግንባታ ደንቡ ካርታ ነው። በ1995 የወጣው የግንባታ ደንብ ሀገሪቱን በአደጋ ቀጠናዎች ከፍሏል፤ በ2015 የወጣው አዲሱ ደንብ ደግሞ ስሌቱን ከ100 ዓመት ወደ 475 ዓመት የድግግሞሽ ዘመን ከፍ አድርጎታል። ልብ ማለት የሚገባው ግን እንዲህ ያለ ካርታ የሚሰጠው ቁጥር በአለት ላይ የሚጠበቀውን ንዝረት መሆኑን ነው። ደንቡ ራሱ "ከዚህ በኋላ የአፈሩን ዓይነት ለይታችሁ ቁጥሩን አባዙት" ይላል። ያንን የአፈር ዓይነት የሚያውቀው ቦታውን ያጠና ሰው ብቻ ነው። ካርታውን አይቶ አፈሩን አለማየት ግማሹን አንብቦ መዝጋት ነው።

የመስጂድ ግንባታ ኮሚቴዎች ምን ያድርጉ?

ይህ ጉዳይ እኛን በቀጥታ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። የቀደሙት መስጂዶች በእንጨትና በጭቃ ተሠርተው በቆርቆሮ የተከደኑ ነበሩ። ቀላል ስለሆኑ ቢወዛወዙም በቀላሉ ሰው አይገድሉም። ዛሬ በቦታቸው የሚሠራው ከባድ ሶሌታ የተሸከመ ባለ ፎቅ መስጂድ ነው፤ ከጎኑም ረጅም ሚናራ ይቆማል። ይህ የሚያስደስት እድገት ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ገንዘቡ ከድሃውም ከሀብታሙም በሰደቃ የተሰበሰበ አማና ነው፤ በጁምዓ ቀን ከሥሩ የሚቆመው ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ነፍስ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እንመክራለን።

- ዲዛይን ከማሠራት በፊት የአፈር ምርመራ ይቅደም። ሌላ ከተማ የተሠራን መስጂድ ፕላን ወስዶ መገልበጥ ትልቅ ስህተት ነው፤ ፕላኑ ይገለበጣል፤ አፈሩ ግን አይገለበጥም።

- መሐንዲሱን "የቦታችን የአፈር ምድብ ምንድን ነው? በየትኛው ደንብ ሠራኸው?" ብላችሁ በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ የሚያገለግሉና ከ12 ሜትር በላይ ቁመት ያላቸውን ሕንፃዎች በከፍተኛው ምድብ አስቀምጧል፤ ጥብቅ ክትትል መጠየቅ መብታችሁም ግዴታችሁም ነው።

- ሚናራው ለብቻው ይሰላ። ከመስጂዱ ጋር ከተያያዘም ሁለቱ በተለያየ ምት እንደሚወዛወዙ ታስቦ ይሠራ።

- ምድር ቤቱን ለሱቅ ብሎ ግድግዳ አልባ አድርጎ ፎቁን ማክበድ አደገኛ ነው። በኮለኑና በቢሙ መገናኛ ላይ ስታፋው ተጠጋግቶ መታሰሩን የሚያይ ሰው ይመደብ።

- የጨፌ ሙሌትና ተዳፋት ቦታ በነፃ ቢሰጥም ሳይጠና አይወሰድ።

- የጉድጓድ መዝገብ ክፈቱ። በየሰፈሩ የውሃ ጉድጓድ የቆፈሩ ሰዎች በስንት ሜትር ቀዩ አፈር እንዳበቃ፣ የት አለት እንዳገኙ፣ የት ውሃ እንደፈለቀ ያውቃሉ። ይህን በደብተር ላይ ከቦታው ጋር መመዝገብ ገንዘብ አይጠይቅም። በመቱ ዩኒቨርሲቲና በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆቻችን ቢያግዙ፣ ነገ ባለሙያ ሲመጣ ከባዶ አይጀምርም።

መንቀጥቀጥ ሲከሰት

በጅማም፣ በ2016 በሐዋሳም ተማሪዎች ከተጎዱባቸው ምክንያቶች አንዱ መደናገጥና መዝለል እንደነበር ተዘግቧል። ሕንፃ ውስጥ ያለ ሰው ከመስኮት አይዝለል፤ ጭንቅላቱን ሸፍኖ በጠንካራ ነገር ሥር ይጠጋ፤ ንዝረቱ ሲቆም በሥርዓት ይውጣ። ውጭ ያለ ሰው ከሚናራ፣ ከአጥርና ከኤሌክትሪክ ገመድ ይራቅ። ሶላት ላይ እያለን ለነፍስ የሚያሰጋ ነገር ቢመጣ ሶላትን አቋርጦ ራስንና ሌላውን ማዳን ዑለሞች የፈቀዱት ነው፤ ኢማሞች ይህን አስቀድመው ለጀመዓው ቢያስተምሩ መጋፋትን ይቀንሳል።

ተወኩል ሰበብ ማድረስን አይከለክልም። ኢሉባቦር ከታላቁ የመንቀጥቀጥ መስመር መራቋ ጊዜ የሚሰጥ ጸጋ ነው። ከተሞቿ ገና ወደ ላይ ማደግ እየጀመሩ ስለሆነ፣ በሌላው ሀገር ከፈረሰ በኋላ የተጠናውን እኛ ከመገንባታችን በፊት ልናጠናው እንችላለን። አላህ ሀገራችንንና ሕዝቧን ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቅልን፤ በፈንታሌና በጎፋ ለተጎዱት ወገኖቻችንም ይካሳቸው። ወላሁ አዕለም።